ሻርለማኝ የየትኛው አውሮፓ አባት ነው?

የጀርመኗ አኽን ከተማ በየዓመቱ በዕርገት በዓል ሰሞን ትደምቃለች። ለአውሮፓ አንድነት ደክሟል የተባለ ሰው ይመረጥና፣ ከ1,200 ዓመት በፊት የምዕራብ አውሮፓን ሰፊ ክፍል በገዛው ፍራንኮች የተባለ ሕዝብ ንጉሥ ስም፣ የሻርለማኝ ሽልማት ይሰጠዋል። ልማዱ የተጀመረው በ1950 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ንግግር ይደረጋል፣ ይጨበጨባል። ሻርለማኝን «የአውሮፓ አባት» የሚል ተናጋሪም አይጠፋም። ብራስልስ ውስጥ የአውሮፓ ኮሚሽን ከሚሠራባቸው ሕንፃዎች አንዱ ሳይቀር በእሱ ስም ይጠራል።

ይህ የአባትነት ነገር ሁሌም ይከነክነኛል። አባት አይደለም ማለቴ አይደለም። ልጁ የቱ እንደሆነ ግን ግራ የተጋቡ ይመስለኛል።

የሚያወድሱት ካርታውን አይተው ነው። በ1957 የኢኮኖሚ ማኅበረሰቡን የመሠረቱት ስድስት አገሮች፣ ማለትም ፈረንሳይ፣ ምዕራብ ጀርመን፣ ጣሊያን፣ ቤልጂየም፣ ሆላንድና ሉክሰምበርግ፣ አንድ ላይ ሲታዩ የፍራንኮቹን ንጉሥ ግዛት ይመስላሉ። ግጥምጥሞሹ ያምራል። ካርታው በምን እንደተሳለ ግን ብዙ አይወራም።

ሻርለማኝ በዛሬዋ ሰሜን ጀርመን ይኖሩ የነበሩትን፣ ክርስትናን ያልተቀበሉትን ሳክሶኖች ለማስገበር ከ30 ዓመት በላይ ተዋግቷል። በ782 ቬርደን በተባለ ቦታ 4,500 እስረኞች እንደተገደሉ የፍራንኮቹ ዜና መዋዕል ይናገራል። ቁጥሩ ተጋኗል የሚሉ የታሪክ ምሁራን አሉ። ይሁን። የጻፈው ግን ጠላት አይደለም፣ የራሱ ወገን ነው፤ ያውም ሳያፍር። ቀጥሎ ሕግ ወጣ። አልጠመቅም ያለ ሳክሶን ይሙት። ክርስትናን ንቆ በዐቢይ ጾም ሥጋ የበላም ይሙት።

ይህን የተቃወመ ሰው ከራሱ ቤት ተገኘ። አልኩዊን ይባላል፤ ከእንግሊዝ ከዮርክ የመጣ የቤተ መንግሥቱ መምህር ነው። ሰውን ጎትቶ ወደ ጥምቀት ማምጣት ይቻላል፣ እምነትን ግን በግድ ማስገባት አይቻልም የሚል ደብዳቤ ጻፈ። አዲስ አማኝ ላይ ቶሎ አሥራት መጫንንም ነቀፈ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለመጻፍ ድፍረት ይጠይቃል።

ወደ ዘውዱ እንምጣ። ዲሴምበር 25 ቀን 800 ሮም ውስጥ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሱ ሊዮ 3ኛ የንጉሠ ነገሥት ዘውድ ጫነለት። ሊዮ የሻርለማኝ ውለታ ነበረበት። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እዚያው ሮም ጠላቶቹ ዓይኑን ሊያወጡ፣ ምላሱን ሊቆርጡ ሞክረውበት፣ ሸሽቶ የተጠጋው ሻርለማኝን ነው። የሮም ነገሥታት ዙፋን በቀረባት በምሥራቋ ቁስጥንጥንያ ላይ ደግሞ የገዛ ልጇን ዓይን አሳውራ የነገሠች ኢሬኔ የምትባል ሴት ነበረች። ለሮም ሰዎች ዙፋኑን ባዶ ነው ብሎ መቁጠር አልከበዳቸውም። የሻርለማኝን ታሪክ የጻፈው አይንሃርድ፣ ንጉሡ የጳጳሱን ሐሳብ ቢያውቅ ኖሮ በዚያ ቀን ቤተ ክርስቲያን አይገባም ነበር ይለናል። እኔ አልተዋጠልኝም። ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ ዘውዱ ድንገት ራሱ ላይ ወደቀ?

ለማንኛውም ያ ግዛት ከዚያ በኋላ የቆየው 43 ዓመት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ814 ሞተ። ልጁ ሉዊ በ840 ተከተለው። የልጅ ልጆቹ ተፋጁና በ843 ቬርዱን ላይ ግዛቱን ለሦስት ተካፈሉት። (ቬርዱን ፈረንሳይ፣ ቬርደን ጀርመን፤ እኔም ስንት ጊዜ አምታትቻቸዋለሁ።) በሠይፍ የተገጣጠመው ካርታ የአንድ ሰው ዕድሜ እንኳ አልሞላም።

የቀረው ሌላ ነው። አይንሃርድ አንድ የምወዳት ነገር ጽፏል። ሻርለማኝ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለው ፊደል ለመለማመድ፣ መጻፊያ ሰሌዳ ትራሱ ሥር ያስቀምጥ ነበር። ዘግይቶ ስለጀመረ ግን ብዙም አልሆነለትም። ያ ሁሉ አገር የገበረለት ሰው፣ ማታ ማታ ፊደል ሲታገለው አስቡት።

ይኸው ሰው በ789 ባወጣው ትእዛዝ ትምህርት ቤት ይከፈት፣ መጻሕፍት ይታረሙ አለ። ምክንያቱም ትዝ ይለኛል፦ ሰዎች እግዚአብሔርን በደንብ ሊለምኑ ፈልገው በተበላሸ መጽሐፍ የተነሳ ሲሳሳቱ ይገኛሉ የሚል ነው። ያን ጊዜ አጻጻፉ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ የአንዱን ገዳም ብራና የሌላው ለማንበብ ይቸገራል። ኮርቢና ቱርን በመሳሰሉ ገዳማት ክብ ክብ ያለች፣ ጥርት ያለች ትንሽ ፊደል እየተስፋፋች መጣች። በቃልና በቃል መካከል ክፍተት መተውም ተለመደ። ከዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ብቻ ወደ 7,000 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ተርፈውልናል። ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ የጣሊያን ሊቃውንት እነዚህን ብራናዎች ሲያገኙ የጥንት ሮማውያን ጽሕፈት መሰላቸውና ቀዱት። ከእነሱ ወደ ማተሚያ ቤት ገባች። ዛሬ ስልካችሁ ላይ የምታዩዋቸው ትንንሾቹ የላቲን ፊደላት በዚያ ስሕተት በኩል የመጡ ናቸው።

ሠይፉ ባይኖር ትምህርት ቤቱ ከየት ይመጣ ነበር የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ቱር ውስጥ ለተጻፈ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ቅዱስ ከ200 በላይ በጎች ቆዳ ያስፈልግ ነበር። ያ ሀብት የግብርና የምርኮ ነው። ብራናው ደም የለበትም አልልም።

ግን የሚገርመው ገና ነው። እነአልኩዊን ላቲኑን አርመው አርመው ወደ ጥንቱ መለሱት። ያኔ በዛሬዋ ፈረንሳይ ይኖር የነበረው ሕዝብ የሚናገረውን ላቲን ነው ብሎ ያምን ነበር፤ የታረመው ላቲን ሲነበብለት ግን አልገባው አለ። ስለዚህ በ813 ቱር ላይ የተሰበሰቡ ጳጳሳት፣ ስብከቱ ሁሉም እንዲረዳው ሕዝቡ ወደሚናገረው ገጠሬ የሮማይስጥ ንግግር ወይም ወደ ጀርመንኛ ይተርጎም ብለው ወሰኑ። ቅዳሴው በግእዝ፣ ስብከቱ በአማርኛ ሲሆን ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም።

ከ29 ዓመት በኋላ ይኸው ጉዳይ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ጦር ሜዳ ደረሰ። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 842 ሁለቱ የልጅ ልጆች፣ ጀርመናዊው ሉድቪግና ራሰ በራው ሻርል፣ በታላቅ ወንድማቸው በሎታር ላይ ሊተባበሩ ስትራስቡርግ ተገናኙ። ላቲን ለማንም አይሆንም፤ ወታደሩ አይሰማውም። ሉድቪግ በወንድሙ ወታደሮች ቋንቋ፣ ኋላ ፈረንሳይኛ በሆነው፣ ማለ። ሻርል ደግሞ በጀርመንኛ ማለ። ከዚያ ሁለቱ ጦሮች በየራሳቸው ቋንቋ ማሉ። የመሐላው ይዘት ደግሞ ጉድ ነው፦ ጌታዬ ቃሉን አፍርሶ ልመልሰው ካልቻልኩ፣ በወንድሙ ላይ አልረዳውም። ወታደር ንጉሡን ቃልህን ብትበላ አልከተልህም ይለዋል፤ ያውም በአደባባይ፣ በእናቱ አፍ። ቃሉን ቦታው የነበረው ኒትሃርድ መዘገበው። እሱም በእናቱ በኩል የሻርለማኝ የልጅ ልጅ ነው። በፈረንሳይኛ ከተጻፉት የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ መሐላ ነው።

ለእኔ ልጁ ይኼ ነው። አባትየው አስቦ የወለደው አይደለም፤ ቤቱ ሲፈርስ የተወለደ ነው። ሽልማቱን የምሰጠው እኔ ብሆን ኖሮ አኽንን ትቼ ስትራስቡርግ እሄድ ነበር፣ በፌብሩዋሪ 14። የፍቅረኞች ቀን ነው ብለው ቢስቁብኝም ግድ የለኝም። እዚያች ከተማ አሁን የአውሮፓ ፓርላማ ይሰበሰባል። 24 ቋንቋዎች ይሠራባቸዋል። ከአዳራሹ በላይ ባሉት የመስተዋት ክፍሎች ውስጥ የጆሮ ማዳመጫ ያጠለቁ አስተርጓሚዎች ተቀምጠዋል። ዋንጫውን ይዤ በቀጥታ ወደ እነሱ ነበር የምወጣው።