ፈርመን እንመለሳለን

አንዳንድ ሰው ምስጋና አያውቅም። «አፍሪካና የልማት አጋሮቿ ከስብሰባ በቀር ምን ፈየዱ?» ይላል። ስብሰባ ቀላል ነገር መሰለው እንዴ?

እስቲ አብረን እንቁጠር፤ ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው። ጃፓን በ1993 ጠራችን፣ ሄድን። ቻይና በ2000 ጠራችን፣ ሄድን። ህንድና ቱርክ በ2008፣ አሜሪካ በ2014፣ ሩሲያ በ2019፣ ጣሊያንና ደቡብ ኮሪያ በ2024። ጠሪ አክባሪ ነው። የአፍሪካ ኅብረት በ2006 ባንጁል ላይ፣ ሁሉም ከሚግተለተል 15 አገሮች ይወክሉን ብሎ ነበር። ምን ዓይነት ነውር ነው! ድግስ ተጠርቶ ተወካይ ይላካል? መሪዎቻችን ውሳኔውን በክብር መዝገብ ቤት አስቀምጠው ሻንጣቸውን አዘጋጁ።

በተለይ የፊርማውን ሥነ ሥርዓት ልብ ብላችሁ አይታችሁታል? ጠረጴዛው ላይ ሁለት ትንንሽ ባንዲራ፣ ሁለት የቆዳ ማኅደር። ከእያንዳንዱ ፈራሚ ጎን ገጽ የሚገልጥ ሰው ቆሞ «እዚህ ጋ» እያለ በጣቱ ያሳያል። ይፈረማል። ማኅደር ይለዋወጣሉ። ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዘው ካሜራው እስኪበቃው አይላቀቁም። ማታ ዜናው ስምምነቱ «ግንኙነቱን ወደ ላቀ ደረጃ ያሸጋግራል» ይለናል። የላቀው ደረጃ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ ባይነገረንም፣ በየሳምንቱ ስለምንሸጋገር ሳንቃረብ አንቀርም።

ተሳታፊውም የድርሻውን ይወጣል። ጠዋት ለመገኘቱ ይፈርማል፣ ከሰዓት ለአበሉ ይፈርማል። በመሃል ሳምቡሳው ብቅ ሲል፣ የግሉን ዘርፍ ሚና የሚያብራራው ሰውዬ ከነማይኩ ብቻውን ይቀራል።

ለጋሾቹም ቢሆኑ አይታሙም። ሀብታም አገሮች ከብሔራዊ ገቢያቸው 0.7 በመቶውን ለዕርዳታ ለማዋል የተስማሙት በ1970 ነው። ቀነ ገደቡ የ70ዎቹ አጋማሽ ነበር። በ2015 እዚሁ አዲስ አበባ መጥተው ቃላቸውን አደሱ። ከ45 ዓመት በኋላ ዕዳውን የሚያስታውስ ባለ ዕዳ ከየት ይገኛል? እንደ ኖርዌይና ሉክሰምበርግ ያሉት ጥቂቶች ግን ችኩሎች ናቸው። ከፍለው ቁጭ አሉ። አሁን ምኑን ሊያድሱት ነው?

እኛም አናንስም። በ2003 ማፑቶ ላይ ከበጀታችን 10 በመቶውን ለግብርና እንመድባለን ብለን ተማማልን። በ2014 ማላቦ ላይ ያንኑ ደግመን፣ በ2025 ረሃብን ከአህጉራችን እናጠፋለን የሚል መረቅንበት። 2025 ደረሰ። ሌላው ቢሆን በሃፍረት ስልኩን ያጠፋ ነበር። የኛዎቹ ግን ዓመቱ በገባ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ካምፓላ ላይ ተሰብስበው፣ እስከ 2035 የሚዘልቅ አዲስ ዕቅድ አጸደቁ። ረሃብም በአሠራሩ መሠረት የአሥር ዓመት ማራዘሚያ አገኘ።

ገበሬው የት አለ የሚል ነገረኛ አይጠፋም። አዳራሹ በር ላይ የተሰቀለውን ባነር ይመልከታ! ሞፈሩን እንደያዘ ፈገግ ብሎ ቆሞላችኋል። ስሙ ከዝርዝሩ የጎደለው አበል ስላልጠየቀ ብቻ ነው።