ናፈቁን ያላችኋቸውን ሰው ነው ያባረራችሁት

የባሕር ዳር ሰዎች፣ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው።

ባለፈው በዓል ዋዜማ ባዛሩ ላይ ነበራችሁ። ብዙዎቻችሁን አይቻለሁ። አንድ አዛውንት ማሲንቆ ይዘው መድረክ ላይ ወጡ። በደርግ ጊዜ በኪነት ቡድን ያገለገሉ፣ በቴሌቪዥንም የተጫወቱ ሰው ናቸው። አስተዋዋቂው ስማቸውን እንኳ አልጠራም። «አንድ አባት አሉን» ብሎ ወረደ።

ቁጭ አሉና መቃኘት ጀመሩ። ማታ ከጣና የሚነሳው ነፋስ እርጥበት አለው። እርጥበት የማሲንቆን ቆዳ ያረግባል፣ ድምፁም ይወርዳል። ስለዚህ ጭራውን ጠበቅ ላላ እያደረጉ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ትንሽ ቆዩ። ፉጨት ተጀመረ። «ይውረድ!» አለ አንዱ ጎረምሳ። አንቱታው እንኳ ቀረ።

ከአዘጋጆቹ አንዱ ጠጋ አላቸው። ከፊት ስለነበርኩ ሰማሁት። ዘፈን በፍላሽ እንክፈትና እርስዎ የሚጫወቱ ይምሰሉ ነው ያላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ማስመሰል አላውቅም ልጄ» አሉት። ጀመሩ። ትዝታ ነበር። ገና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳይደርሱ ዲጄው ሌላ ሙዚቃ ከፍ አድርጎ ለቀቀባቸው። እናንተም ጮኻችሁ፣ እጃችሁን አንስታችሁ ጨፈራችሁ። የእሳቸው አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ከዚያ ማሲንቆውን በጋቢያቸው ጠቅልለው ደረጃውን ብቻቸውን ወረዱ። ክንዳቸውን የደገፈ ሰው አልነበረም። እኛ ከፊት የቆምን ትልልቆችም ትንፍሽ አላልንም።

ይህ አልበቃ ብሎ በማግስቱ ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ወጣ። መሳቂያ ተደርጎ።

ይቅር ማለት አልቻልኩም። እናንተው ናችሁኮ የድሮ የቴሌቪዥን ህብረ ትርኢት ቁራጭ እየተላላካችሁ «ወይ ጊዜ!» የምትሉት። «ያኔ በላይቭ ነበር የሚዘፈነው፣ የዛሬዎቹ ከንፈር ብቻ ያንቀሳቅሳሉ» የምትሉት። እውነታችሁን ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ሥራ ሲጀምር ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነበር። ዘፋኙ ባንዱን ከኋላው አሰልፎ በራሱ ጉሮሮ ይዘፍናል። በኋላም ከየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ተነሱ። የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የወሎው ላሊበላ፣ የእኛው ግሽ ዓባይ። ይሁኔ በላይና ሰማኸኝ በለው ከዚሁ ከግሽ ዓባይ የወጡ ናቸው። እነሱን ሁሉም ያውቃል። ከጎናቸው ቆሞ ማሲንቆ የመታውን፣ ከበሮ የደለቀውን፣ እስክስታ የወረደችውን ግን ማን በስም ይጠራቸዋል? አንዳንዶቹ ዛሬም በየሰፈራችን አሉ። በሚኒባስ አጠገባችን ይቀመጣሉ።

ታዲያ የናፈቀን ምን ነበር? በገዛ እጁና በገዛ ድምፁ የሚጫወት ሰው ከሆነ፣ ይኸው መጥቶልን ነበር። ያውም የምንወቅሰውን ነገር፣ ማስመሰሉን፣ እምቢ ብሎ። እኛ ደግሞ በዚያው ምክንያት አባረርነው።

ሳስበው ንዴቴ በርዶ ሐዘን ይሆንብኛል። አብዛኞቻችሁ ክፉ አይደላችሁም። መጠበቅ ነው ያቃታችሁ። ቴሌቪዥን ብርቅ በነበረበት ጊዜ ሰፈሩ አንድ ቤት ይሰበሰባል። ልጅ መሬት ላይ፣ ትልቅ ሰው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ክራሩ ሲቃኝ አብረን እንጠብቅ ነበር። መቃኘቱም የጨዋታው አካል ነበር። ዛሬ ያቺን ትንሽ ጊዜ ለአንድ ሽማግሌ መስጠት ከበደን።

ቪዲዮውን የለጠፍከው ልጅ፣ አጥፋው። አድራሻቸውን የምታውቁ ደግሞ ሂዱና ይቅርታ ጠይቋቸው። ሞባይል መያዛችሁ ካልቀረ እቤታቸው ቁጭ ብላችሁ ሲጫወቱ ቅረጿቸው፣ ስማቸውንም ጻፉበት። እሳቸው ሲያልፉ የሚያውቁት ሁሉ አብሮ ነው የሚቀበረው።

እኔ ለሚመጣው በዓል አዘጋጆቹ ዘንድ ደጅ እጠናለሁ። ዲጄው ጸጥ የሚልበት ግማሽ ሰዓት ስጡን እላቸዋለሁ። እምቢ ይሉኛል ብዬ እገምታለሁ። ደክሞኛልም። ሁለት ሦስት ሰው አብሮኝ ከመጣ ግን እምቢ ማለቱ ይከብዳቸው ይሆናል።