ደኅንነት ይቅደም፣ እኛ እንደርሳለን

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ባሕር ዳር፣ ከአንድ መጋዘን ደጃፍ ቆሜ «ደኅንነት ይቅደም» የሚል ባነር ሲሰቀል አየሁ። ሰቃዩ ልጅ የቆመው ፎርክሊፍት በሚሉት ጭነት አንሺ ማሽን ሹካ ላይ በተቀመጠ ባዶ ፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበት ርብራብ) ላይ ነው። ከፍታው አራት ሜትር ቢሆን ነው። በእግሩ ነጠላ ጫማ፣ በአፉ ሚስማር፣ በአንድ እጁ መዶሻ፣ በሌላው ደኅንነት። እንዲህ ያለ ጀግንነት በነፃ ይታያል ብዬ አስቤ አላውቅም።

መቼም ይህን ያላየ አንባቢ የለኝም። እኔ ግን ጠግቤ አላየሁትምና ታገሡኝ፣ እንደገና ልየው።

ሲጀመር ሰቃዩ አንድ ነው፣ አስተካካዩ አራት። አንዱ «ወደ ግራ!» ይላል። ታዲያ ልጁ እጁን ወደ ግራ አይዘረጋም፤ ፎርክሊፍቱ ልጁን እንደ ተሸከመ ወደ ግራ ይሄዳል። ሌላው «ትንሽ ከፍ!» ይላል፤ ልጁ ከነፓሌቱ እየተወዛወዘ ያርጋል። ሦስተኛው «በዛ፣ ዝቅ!» ሲል ደግሞ ሚስማሩን ሊውጥ እስኪደርስ ድረስ ዱብ ይላል። ኦፕሬተሩ በአንድ እጁ ማንሻውን ይዞ፣ በሌላው ስልክ ያወራል። «አሁን ሥራ ላይ ነኝ፣ ቆይቼ ልደውልልሽ» ሲል ሰምቼዋለሁ፤ አልዘጋውም ግን። አራተኛው ሰውዬ ፎቶ ያነሣል።

ሄልሜት የለም ብላችሁ እንዳታሙን፤ አለ። አንድ አለ። ያደረጉት ከታች ቆመው የሚያዝዙት አለቃ ናቸው፣ ምክንያቱም ፎቶው ላይ የሚወጡት እሳቸው ናቸው። ደግሞም አስቡት፤ ከላይ ያለው ልጅ ላይ ምን ይወድቅበታል? ከእሱ በላይ ያለው ሰማይ ብቻ ነው። ሊወድቅ የሚችለው እሱ ራሱ ነው፣ የሚወድቀውም ከታች ባሉት ላይ ነው። ስለዚህ ሄልሜቱ ትክክለኛው ጭንቅላት ላይ ነበር ማለት ነው። ሰው ማንሣት ካስፈለገ ዙሪያውን መከታ ያለው፣ ከሹካው ጋር በደንብ የሚታሰር ቅርጫት አለ የሚሉ ይኖራሉ። እሱ ለፈሪ ነው።

አንድ ሽማግሌ ዘበኛ አላስቻላቸውም። «ኧረ ይሄን ልጅ አውርዱት፣ የሰው ልጅ ነው!» አሉ።

«አይዞዎት አባባ፣ ሁላችንም ሠልጥነናል» አላቸው ባለ ስልኩ።

እውነቱን ነው፣ ሠልጥነዋል። ሥልጠናውን አብሮ የወሰደ ወዳጄ ነግሮኛል። ግማሽ ቀን ነው የፈጀው። የመክፈቻ ንግግር፣ ሻይ፣ የክብር እንግዳው ስለዘገዩ ሁለተኛ የመክፈቻ ንግግር፣ ከዚያ ምሳ። ተግባራዊው ክፍል ያን አንድ ሄልሜት እየተቀባበሉ ወንበሩ ላይ ወጥቶ፣ መሪውን ይዞ፣ ፎቶ ተነሥቶ መውረድ ነበር። ሞተሩ አልተነሣም፤ ነዳጅ ውድ ነው። ፈተናም ነበረ። «ፎርክሊፍት የሚታጠፈው በየትኛው ጎማ ነው?» ለሚለው ጥያቄ ወዳጄ «በመሪው» ብሎ መለሰና ሙሉ ነጥብ አገኘ።

ነገር ማወሳሰብ የሚወዱ ሰዎች መልሱ «በኋላ ጎማው» ነው ይላሉ። የሚታጠፈው በኋላው ስለሆነ፣ ኦፕሬተሩ ፊቱን ወደ ቀኝ ሲያዞር ጀርባው ወደ ግራ ተወርውሮ አጠገቡ የቆመውን ሰው ከግድግዳ ያጣብቃል፤ ስለዚህ ከመታጠፍ በፊት ዞር ብሎ ማየት፣ ክላክስ ማድረግ፣ ሰው ማራቅ ያስፈልጋል ይላሉ። እነዚሁ ሰዎች ጭነት ይዞ ሲሄድ ሹካው ከመሬት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ይበል ይላሉ። ቁልቁለት ላይ ጭነት ከያዘ ወደ ኋላ እየነዳ ይውረድ ይላሉ። ቢገለበጥስ? አሠልጣኙ «ዘላችሁ አምልጡ» ብሏል፤ ጉልበት ላለው ወጣት ይህ ያጓጓል። ወሬኞቹ ግን የሚዘል ሰው ማሽኑ ራሱ ላዩ ላይ ይወድቅበታል፣ ቀበቶ አስሮ፣ መሪውን ጨብጦ፣ ከሚወድቅበት በተቃራኒው ዘንበል ማለት ነው የሚያተርፈው ባዮች ናቸው።

ደግሞ «ባጃጅ የነዳ ፎርክሊፍት አያቅተውም» የሚለው ብሂላችን አለ። ይህኛውን እንኳ ከልቤ ልደግፈው ነው። ፎርክሊፍት አራት ጎማ ይኑረው እንጂ የሚቆመው በሦስት ነጥብ ነው፤ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ናቸው፣ ሦስተኛው የኋላ ጎማዎቹን የሚያገናኘው ዘንግ (አክሱል) መሐሉ ላይ የተሰካበት። ባጃጅን ፊቱን ወደ ኋላ አዙራችሁ ብታስቡት ያው ነው። እንግዲህ አደባባይ ላይ በፍጥነት ሲታጠፍ ባጃጁ የተገለበጠበት ሰው፣ 20 ኩንታል ሲሚንቶ ከፍ አድርጎ ሲታጠፍ ምን እንደሚደርስበት ከማንም በላይ ሊገባው በተገባ ነበር።

የማሽኑ ታፔላ ላይ «2.5 ቶን» ተብሎ ሲጻፍ እኛ «እስከ 3 ድረስ ይታገሣል» ብለን እናነባለን። እንደ አበሻ እንግዳ ተቀባይ ነው መሰለን። ታፔላው የሚለው የጭነቱ መሐል ከሹካው መነሻ 50 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሲሆን ነው፤ ጭነቱ ወደ ጫፍ ሲሄድ፣ ወይም በጣም ከፍ ሲል፣ አቅሙ ይቀንሳል።

ይህን ሁሉ ከጣና ዳር ሆኜ ሳስበው አንድ ነገር ያስቀኛል። ከዘጌ እንጨት ጭኖ የሚመጣውን ባለ ታንኳ አይታችሁታል። ሰርተፍኬት የለውም። ባነር አልሰቀለም። ሆኖም ከባዱን እንጨት ከታች፣ ከመሐል ያደርጋል፣ ክምሩ ላይ ቆሞ የሚጨፍር ሰውም አይጭንም። ለምን ብትሉት ስለ ሚዛን ነጥብ አይነግራችሁም። የደንገል ታንኳ ላይ ያለ ሰው ሚዛን ቢስት ወዲያው ውኃ ውስጥ ነው፤ የእኛ ሰው ግን ቢሳሳት የሚወድቀው ሌላ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ላቁም።

አንድ የማውቀው ጫኝና አውራጅ ልጅ አለ። የፎርክሊፍት ጀርባ እግሩን ከግድግዳ አጣብቆ ሰብሮታል። ባለቤቱ ለጠበል የሚሆን ጥቂት ብር ሰጥቶ «እግዜር ያመጣው ነው፣ ምን ይደረጋል» አለው። እግዜርን ከዚህ ነገር አውጡት! የኋላ ጎማ የሚታጠፍ ማሽን ጀርባው ወደ ውጭ እንደሚወረወር የመለኮት ምሥጢር አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪ ለሠራተኛው የሥራውን አደጋና መጠበቂያውን እንዲያሳውቀው፣ መከላከያ መሣሪያ እንዲሰጠውም ግዴታ ይጥልበታል። ልጁ ግን አሁን በክራንች ነው የሚሄደው፣ ሰርተፍኬቱ ደግሞ ቢሮ ውስጥ በመስታወት ተሰቅሏል። የእሱ ሳይሆን የኦፕሬተሩ።

እሺ፣ ወደ ሙገሳችን እንመለስ። ባነሩ መጨረሻ ላይ ተሰቀለ። ልጁም በሰላም ወረደ፣ ነጠላ ጫማው አንዱ ቀድሞት ወርዶ ነበር። አለቃው ሄልሜታቸውን አውልቀው ላባቸውን ጠረጉ። ሁሉም በአንድነት ከባነሩ ሥር ተሰልፈው ፎቶ ተነሡ።

በማግሥቱ ሳልፍ የጣና ነፋስ አንዱን ጫፍ ነቅሎት ባነሩ እንደ ነጠላ ተንጠልጥሏል። ከግቢው ውስጥ ድምፅ ሰማሁ።

«ያን ልጅ ጥሩት።»