የጃን ሞሪስን ርዕስ ቀይሩት

ስለ ዌልሳዊቷ ጸሐፊ ስለ ጃን ሞሪስ ያወጣችሁትን አነበብኩ። ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ ርዕሱ ግን ቅር አሰኝቶኛል። የሚያወራው እ.ኤ.አ. በ1972 ካዛብላንካ ስላደረገችው ጾታ የመቀየር ቀዶ ጥገና ብቻ ነው። እሷም የፈራችው ይህንኑ ነበር። ስሞት ጋዜጦች «ጾታዋን የቀየረችው ጸሐፊ አረፈች» ብለው ነው የሚጽፉት ትል ነበር።

ሴትዮዋ እኮ የዋዛ ጋዜጠኛ አልነበረችም! በ1953 ኤቨረስት ተራራን ሊወጣ ከሄደው ቡድን ጋር የተጓዘች ብቸኛዋ ዘጋቢ እሷ ናት። ከቡድኑ ሂላሪና ቴንዚንግ ጫፉ ላይ መድረሳቸውን ስትሰማ፣ ሌሎች እንዳይቀድሟት ዜናውን በምስጢር ቃል ላከችው። ላዩን ሲያዩት የበረዶው ሁኔታ መጥፎ ነው ይላል። ፍቺው ግን ተራራው ተወጣ ነው። ዜናው ለንደን ደርሶ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ በጫነችበት ዕለት ታተመ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላም ብዕሯ አልነጠፈም። በ1985 ለቡከር የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አንዷ ሆነች። በ1999 የብሪታኒያን ኒሻን ተቀበለች።

እኔን ያስለቀሰኝ ግን የትዳሯ ነገር ነው። ከቀዶ ጥገናው በፊት፣ በ1949 ካገባቻት ከኤልዛቤት ጋር፣ ሁለት ሴቶች ባለትዳር መሆን አይችሉም ብሎ ሕጉ አስገድዶ አፋታቸው። እነሱ ግን አልተለያዩም። በ2008 እንደገና በሕግ ተጣመሩ።

እባካችሁ፣ ርዕሱ ላይ መጀመሪያ ሥራዋ ይጻፍላት።