ዝሆኔ አንድ በሽታ ነው ወይስ ሁለት?

ዶሮ ሲበለት አይታችኋል? የለመደ እጅ ቢላዋውን መገጣጠሚያው ላይ ያሳርፋል፤ ብልቱ እሺ ብሎ ይወጣል። እኔ ስሞክረው አጥንቱን ፈጭቼው አረፍኩ። ከዚያ ወዲህ በዓል ሲመጣ ሽንኩርት ብቻ ነው የሚሰጠኝ።

የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶም ከ2,300 ዓመት በፊት ይህን የመሰለ ምሳሌ ተጠቅሟል። ነገሮችን የሚከፋፍል አሳቢ በተፈጥሮ መገጣጠሚያቸው ይቁረጥ፣ እንደማይችል ሥጋ ቆራጭ አይሰባብር ይላል። ፈላስፎች «የተፈጥሮ ምድብ» እያሉ የሚከራከሩበት ጉዳይ ይኸው ነው። ወርቅ፣ ውሃ፣ ወባ የምንላቸው ምድቦች ከኛ በፊትም ነበሩ? ወይስ እንዲመቸን ያሰመርናቸው መስመሮች ናቸው?

«ምድብ ሁሉ የሰው ፈጠራ ነው» የሚሉ አሉ። እኔ አይዋጥልኝም። ያላስዋጠኝ ዝሆኔ ነው።

እግር አብጦ፣ ቆዳው ወፍሮና ሻክሮ የዝሆን እግር ሲመስል ዝሆኔ እንለዋለን። ስሙ የወጣው ከመልኩ ነው። በብዙ ሞቃት አገሮች ይህን እብጠት የሚያመጣው ቀጭን ትል ነው። ትንኝ ከሰው ወደ ሰው ታስተላልፈዋለች፣ ትሉ የሊምፍ ቧንቧዎች (ከሰውነት የሚተርፈውን ፈሳሽ ወደ ደም የሚመልሱ ቀጫጭን ቧንቧዎች) ውስጥ ገብቶ ያበላሻቸዋል። እሺ፣ ትሉ በማይገኝበት ደጋ ላይ ያለው ገበሬስ እግሩ ለምን ያብጣል?

ይህን ጥያቄ አጥብቆ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። በሽተኞቹ የሚበዙት ዝናብ በማይጠፋበት፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ቀይ አፈር ባለበት ከፍታ ላይ ነበር። ጫማ የላቸውም። አፈሩ ለዓመታት በባዶ እግር ሲረገጥ ደቃቅ ቅንጣቶቹ በቆዳ ዘልቀው የሊምፍ ቧንቧዎቹን ይጎዳሉ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ፕራይስ «ፖዶኮኒዮሲስ» አለው፤ ከግሪክኛው «እግር» እና «አቧራ»። አዲሱ ስም መልኩን ትቶ መንስኤውን ተናገረ።

ቢላዋው መገጣጠሚያውን ማግኘቱ በምን ይታወቃል? አንድ ነገር ስታውቅ ሌላው እየተከተለ ስለሚመጣ ነው። የአፈሩ ዝሆኔ ከእግር ጣትና መዳፍ አካባቢ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ ከጉልበት በላይ እምብዛም አይሄድም። የትሉ ዝሆኔ ግን ብሽሽትና የወንድ ብልት አካባቢም ሊያሳብጥ ይችላል። የትሉን መድኃኒት ለአፈሩ በሽተኛ ብትሰጡት ጠብ የሚል ነገር የለም። ጫማ ደግሞ ትንኝ አይከለክልም። እ.ኤ.አ. በ2013 በየወረዳው ዞረው የሁለቱን በሽታዎች ሥርጭት ያጠኑ ባለሙያዎች ትሉ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ከጣት ደም ወስደው ይመረምሩ ነበር። መልክ ብቻውን አይበቃማ። መስመሩን እኛ በፈቀድነው ቦታ ያሰመርነው ቢሆን ኖሮ የሰው እግር እንዲህ አይታዘዘውም ነበር።

የመንስኤው ነገር ግን አስቸገረኝ። አፈሩ ነው እንዳልል፣ አንድ ማሳ ላይ በባዶ እግር ከሚውሉት አብዛኞቹ አይታመሙም። እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነ፣ ወላይታ ላይ የተሠራ ጥናት በሽታው ከሰውነት መከላከያ ጋር ከሚያያዙ ጂኖች ጋር ዝምድና እንዳለው አሳይቷል። «ይሄ እኮ ዘር ነው» ብሎ ልጁን ከበሽተኛ ቤት አልድርም ያለ ጎረቤት ይህን ሲሰማ ደስ ሊለው ይችላል።

ቆይ ግን። ያንኑ ጂን የወረሰች ልጅ ከሕፃንነቷ ጫማ ብታደርግ፣ እግሯን ብትታጠብ በሽታው አይይዛትም። ጂኑ ያለ አፈሩ አቅም የለውም፣ አፈሩም ያለ ባዶ እግር። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያለው ይህንን ነው፦ መንስኤ ማለት የሁኔታዎቹ ሁሉ ድምር ነው፣ ከመካከላቸው አንዱን መርጠን «መንስኤው እሱ ነው» የምንለው እኛ ነን። እዚህ ላይ ለተከራካሪዎቼ ትንሽ እሸነፋለሁ። ዶሮዋን 12 ብልት ያልነው እኛ ነን፤ መገጣጠሚያዎቹ ግን የራሷ ናቸው።

ጎረቤትየው ከጂን፣ ከአፈርና ከባዶ እግር መካከል ጂኑን መረጠ። ማንም ሊለውጠው የማይችለውን። ልጅቷም ጠያቂ አጥታ ቀረች። እኔ ብሆን የምመርጠው ባዶ እግሩን ነው። ለገበሬ ቤት ጫማ ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ገበያ ላይ ይገኛል።