ሦስት ዋጋ ያላት ቪትዝ

አንዲት መኪና በአንድ ሽያጭ ውስጥ ሦስት ዋጋ ሊኖራት እንደሚችል የገባኝ ኮምቦልቻ ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ ዋጋ ማለት አንድ ቁጥር የሚመስለኝ የዋህ ነበርኩ። ዕድሜ ለታናሽ ወንድሜ፣ ቪትዝ ልግዛ ብሎ ከደሴ ይዞኝ ወረደና ዓይኔን አበራልኝ። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ወቀሳ አይደለም፤ ምስጋና ነው። ዋጋን እንደ ጓዳ ገመና ሸፍነው ላቆዩልን ወገኖቼ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ።

ከሁሉ አስቀድሞ ዓይናፋርነታችንን ላድንቅ። ጉሊት ሙዝ ልግዛ ብትሉ ኪሎው ስንት እንደሆነ የካርቶን ቁራጭ ላይ በስክሪብቶ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ሚሊዮን የሚወጣበት መኪና ላይ ግን እንዲህ ያለ ብልግና አይፈጸምም። ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ እዩት። ፎቶው ስምንት ነው፤ ጎማው ታይቷል፣ ኮፈኑ ተከፍቶ ሞተሩ ታይቷል፣ የኋላ ወንበር ላይ የተረሳ ጃኬት ሳይቀር ታይቷል። ከሥሩ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። በውስጥ መስመር ስትገቡ «ይደውሉ» ትባላላችሁ። ስትደውሉ «በአካል ይምጡ፣ በዋጋ አንጣላም» ይላችኋል። በአካል ስትመጡ ደግሞ ሰውየው ትክ ብሎ አይቷችሁ «እናንተ ስንት አስባችኋል?» ይላል። ወንድሜ ያንን ቁጥር ፍለጋ ሁለት ሳምንት ተንከራቷል። ትዳር ፍለጋ እንዲህ ቢንከራተት ኖሮ እናታችን ይኼኔ የልጅ ልጅ አቅፋ ነበር።

ግቢው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ ስሙ ይቆየን። የቆርቆሮ አጥር፣ አንድ ግራር፣ ከግራሩ ሥር ጀበና፣ ጀበናውን የከበቡ ሰባት ሰዎች። ከሰባቱ መካከል ሻጩ የትኛው እንደሆነ እስክናውቅ አንድ ሰዓት ፈጀብን። አንዱ መኪናዋን ያመጣት ነው። አንዱ ያመጣትን ሰው የሚያውቅ ነው። አንዱ በሩን የከፈተልን ነው። አንዱ ቡና ሊጠጣ ብቻ ጎራ ያለ መስሎን ነበር፤ በኋላ ኮሚሽን ሲከፋፈል እሱም እጁን ዘረጋ። ሻጩ ለካ ከሁሉም ዝም ብሎ የተቀመጠው ሰውዬ ኖሯል።

ዋናው ደላላ በወላሂም ይምላል፣ በማርያምም ይምላል፤ ወሎ ነንና የሚቀርበት የለም። መኪናዋን ሲያስተዋውቀን እህቱን የሚድር ይመስል ነበር። «በፈረንጆቹ የ2005 ሞዴል ናት፣ የዶክተር መኪና ናት፣ ከቤት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤት፣ ሌላ መንገድ አታውቅም።» ጌጁን አየሁት፤ 78,000 ኪሎ ሜትር ይላል። በሃያ ዓመት! ዶክተሩ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ይኖሩ ነበር ማለት ነው። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የዶክተር አይደለም፤ የሻጩም አይደለም። ሻጩ የያዘው ውክልና ነው፣ ውክልናውን የሰጠውም ሌላ ውክልና የነበረው ሰው ነው። የቀኝ የኋላ በሯን በጣቴ አንኳኳሁት። እንደ ቆርቆሮ መጮኽ የነበረበት በር እንደ ጭቃ ግድግዳ ድፍን ድምፅ ሰጠኝ። ስቱኮ ነው፣ የተጋጨ ቆርቆሮ የሚሞላበት ልስን፤ ጣት የሚያህል ውፍረት አለው። ደላላው ቅንጣት አላፈረም። «ጋሼ፣ እሱ እኮ ለጥንካሬ ነው» አለኝ።

«እሺ፣ ስንት ናት?» አልን።

መልሱ ታሪክ ነበር። ከ2012 ጀመረልን። በዚያ ዓመት የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥሩ 1186 እንደሆነ፣ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ እንደሚጥል፣ በዚህም ምክንያት አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባት እንደማያዋጣ አስረዳን። ከዚያ 2016 ላይ ደረሰ። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት መከልከሉን፣ ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪው ለገበያ መለቀቁን፣ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ 100ን ማለፉን በጣቱ እየቆጠረ ነገረን። የሚገርመው ሁሉም ልክ ነው! እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኢኮኖሚክስ አንድ ሴሚስተር ተምሬያለሁ፤ እንዲህ አጥርቶ ያስረዳኝ መምህር አልነበረም። ቀን ነገረን፣ የአዋጅ ቁጥር ነገረን፣ የዶላር ቁጥር ነገረን። ያልነገረን ቁጥር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የጠየቅነው።

ወንድሜ «ሐረጎን እንሞክራት» አለ። ለማያውቅ፣ ሐረጎ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ጠመዝማዛ ዳገት ነው። ደሴ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ጦሳ ተራራ ሥር ስለተቀመጠች፣ እዚህ አገር የመኪና ሐኪም ሐረጎ ነው። ደላላው ግን ለነዳጃችን አዘነ፤ ማደያው ጋ ያለውን ሰልፍ አነሣ። «ደግሞ ምን መሞከር ያስፈልጋል? ዛሬ ጠዋት አይደል እንዴ ከደሴ የመጣችው? ሐረጎን እንደ ንስር ነው የወረደችው!» አለ። መውረዷን አመንን። ድንጋይም ሐረጎን ይወርዳል። ወደ አየር ማረፊያው በሚወስደው ሜዳ ላይ አንድ ሁለቴ ነዳናትና ረክተን ተመለስን።

ዋጋው መሰማት የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። አቦሉ ያለቀው በአዋጁ ነበር፤ ቶናው ላይ ደላላው ወንድሜን በክርኑ ይዞ አንድ የቆመ አይሱዙ ጀርባ ወሰደውና ጆሮው ላይ ተነፈሰ፦ 1,700,000። ወንድሜም መልሶ ጆሮው ላይ ተነፈሰ፦ 1,200,000። ደላላው ዞሮ በአይሱዙው ወዲያኛው በኩል ሻጩን ያዘ። ሁለቱ በመኪናው ወርድ ያህል ተራርቀው ቆመው ነበር፤ ሻጩ ሲያስነጥስ ወንድሜ «ይማርህ» ብሎታል። ዋጋ ግን በቀጥታ አይነጋገሩም፣ ነውር ነው! መልእክተኛው እየተመላለሰ ለዚህ «ሰውየው ሊተወው ነው»፣ ለዚያ «ልጁ ሊሄድብህ ነው» ይላል። በረካው ሲቀዳ የሁለቱን እጅ ጎትቶ አገናኘና በራሱ ሁለት እጆች ጨፍልቆ ያዘ። «በሉ መርቁ!» አለ። 1,420,000። ሰባቱም መረቁ። እኔም መረቅሁ፤ ምን ላድርግ?

ወንድሜ 50,000 ብር ቀብድ በእጁ ሰጠ። በማግሥቱ ስልክ ተደወለ፤ ሌላ ገዢ መጥቶ 30,000 ጨምሯል። እዚህ ላይ እኔ ያነበብኩትን ለማሳየት ቸኮልኩ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 ላይ ቀብድ የሰጠ ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ካፈረሰ ግን እጥፉን ይመልሳል ይላል ብዬ በስልኩ ውስጥ ጮኽኩ። ደላላው በትዕግሥት አዳመጠኝ። «ጋሼ፣ ሕግ እኮ ለተጣላ ሰው ነው» አለ፤ «እኛ መች ተጣላን?» እውነቱን ነው። 30,000 ጨመርንና ሳንጣላ ቀረን።

አሁን ወደ ሦስተኛው ዋጋ እንለፍ። ውል የሚጻፈው ውል ከሚያጸድቀው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ካሉት ኮምፒውተር ቤቶች በአንዱ ነው። ጸሐፊው ልጅ አንገቱን ቀና አላደረገም። የሻጭ ስም ጠየቀ፣ የገዢ ስም ጠየቀ፣ የሻንሲ ቁጥር ጠየቀ። ከዚያ «ስንት ብዬ ልጻፍ?» አለ። ልብ በሉ፣ «በስንት ተሸጠች?» አላለም። እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ ወልደው ላሳደጉ ወላጆች ምስጋና ይገባል። ሻጩ «400,000 በላት» አለ። ወንድሜ 350,000 አለ። እኔ፣ ሕግ አንባቢው፣ «300,000 ምን ይላታል?» አልኩ። በዚህች ሐሳቤ ሰባቱም ለመጀመሪያ ጊዜ በአክብሮት አዩኝ።

ሒሳቡ ግልጽ ነው። የቴምብር ቀረጥ ከዋጋው ሁለት በመቶ ነው። ደላላም ከገዢ ሁለት በመቶ፣ ከሻጭ ሁለት በመቶ ይወስዳል። ለመንግሥት የተነገረው 300,000 ስለሆነ ሁለት በመቶው 6,000 ነው፤ ለደላላ የተነገረው 1,450,000 ስለሆነ ከወንድሜ ብቻ 29,000 ይደርሰዋል። በዚህ ሁሉ ንግድ ውስጥ እውነተኛውን ዋጋ ሰምቶ እውነተኛውን ፐርሰንት ያሰላ ሰው ደላላው ብቻ ነው። አያስመሰግነውም? ቢሮው ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ ሠራተኛዋ ውሉን አየት አድርጋ ፈገግ አለችና በራሳቸው ግምት 700,000 ብላ ቀረጡን አሰላችው። እንግዲህ የአይሱዙ ጀርባ ዋጋ፣ የእጅ ዋጋ፣ የውል ዋጋ ብዬ ሦስት ስቆጥር አራተኛ መጣብኝ። ርዕሱን አልቀይረውም፤ እኛ ዘንድ የተጻፈና የተከፈለ መቼ ገጥሞ ያውቃል?

ክፍያው ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ካለ ባንክ ነበር። «ሲስተም የለም» ተባልንና ጠበቅን፤ ከሰዓት በኋላ ሲስተሙ መጣ። 300,000ው፣ ማለትም ሕጋዊው፣ ወደ ሻጩ ሒሳብ ገባ። የቀረው 1,100,000 ግን በአንድ በር አይወጣም። 500,000 ወደ ሻጩ ሚስት፣ 400,000 ወደ ሚስቱ ወንድም፣ 200,000 ወደ ደላላው። ቅጹ ላይ «የክፍያው ምክንያት» የምትል ጠባብ መስመር አለች። ወንድሜ እስክሪብቶውን ይዞ ደነገጠ። «መኪና» እንዳይል መኪናዋ ውሉ ላይ በ300,000 ተሽጣ አልቃለች። ደላላው ከጀርባው ሆኖ እንደ ቅኔ መምህር ነገረው፦ ለሚስትየዋ «ለሕክምና»፣ ለወንድምየው «ለሰርግ»፣ ለራሱ «ብድር ለመመለስ»። ገንዘብ ከፋይዋ ልጅ ሦስቱንም አነበበች። የታመመ ሰው፣ የሚያገባ ሰው፣ ባለዕዳ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ይህን ሁሉ ችግር የተሸከመውን ወንድሜን በአዘኔታ አይታው ማኅተሙን መታች። የደላላው ስልክ ጢን አለ፤ የምሥራቹን ከቁጥሩ ጋር ለሁላችንም አሳየን። የብሩ ልክ ጮክ ተብሎ የተነገረው ያን ጊዜ ነበር።

መኪናዋ የመጀመሪያውን ቀን ሐረጎን በሰላም ወጣች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ግን ወንድሜ ከኮምቦልቻ ሲመለስ ዳገቱ መሃል ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ወደ ኋላ ትላለች። ካምቢዮ ነው። ከላይ የሚመጣ ባለ ሲኖትራክ ክላክሱን እየነፋ እስኪያልፍ ድንጋይ አስደግፎ ቆመ። መካኒኩ ከፍቶ አየና ዘይቱ ውስጥ ወፍራም ነገር ጨምረው ለጊዜው አሲዘውት እንደነበር ነገረን። ማን እንደጨመረው አላወቅንም፤ ዶክተሩ ይሆናሉ።

ጠበቃ ጠየቅን። ጠበቃው ውሉን ገልብጦ አየና «ውሉ ቢፈርስላችሁ እንኳ የሚመለስላችሁ የተጻፈው ነው፤ የተጻፈው ደግሞ 300,000 ነው» አለ። የቀረው 1,150,000ስ? ከዚያ ውስጥ 50,000ው በእጅ የተሰጠ ቀብድ ነው፣ ደረሰኝም የለውም። ሌላው ደረሰኝ አለው። ደረሰኙን አሳየነው። አነበበ፣ መነጽሩን አወለቀና ሽማግሌ እንድንልክ መከረን።

ሽማግሌዎቹ ሸዋ በር አካባቢ ካለ አንድ ቤት ተሰበሰቡ። ሻጩ በትሕትና መጣ፣ ወገቡን ሰበር አድርጎ ሰላም አለ፣ ጥግ ተቀመጠ። ወንድሜ ብሶቱን ተናገረ። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ደረሰኞቹን ተቀብለው፣ ወረቀቱን ከዓይናቸው ራቅ ቀረብ እያደረጉ፣ አንድ በአንድ ጮክ ብለው አነበቡ። ሲጨርሱ ቀስ ብለው ወደ ሻጩ ዞሩ።

«ሰርጉ በሰላም አለፈ?»

«አዎ አባባ፣ ተመስገን።»

«ባለቤትህስ? ተሻላት?»

ሻጩ ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ።

«ተመስገን፤ አሁን ደህና ናት።»