«አታንቀሳቅሳት»

ስቶክሆልም በምኖርበት ሕንፃ ከፊት ለፊቴ ያለችው ሴትዮ አራት ዓመት ሙሉ በአሳንሰር ውስጥ ከአንገት ሰላምታ በቀር አንዲት ቃል ተንፍሳልኝ አታውቅም ነበር። አንድ የጥቅምት ምሽት ግን በሬን አንኳኩታ የቤቷን ቁልፍና በኮምፒዩተር የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት ሰጠችኝ፤ ለሦስት ሳምንት ስለምትሄድ ፊከሷን፣ ያቺን በዕቃ ተተክላ ቤት ውስጥ የምትቆም ዛፍ፣ እንዳጠጣላት ነበር የፈለገችው። ጣትህን አፈሩ ውስጥ አስገባ፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ከደረቀ ብቻ ለብ ያለ ውሃ ስጣት፤ ከሥሯ ባለው ሳህን ላይ የተጠራቀመውን ድፋው፤ በር ከፍተህ ነፋስ አታስመታት ይላል ወረቀቱ። ከሁሉም በታች፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፣ «አታንቀሳቅሳት» የሚል ነበር።

እኔ ደግሞ ጅማ፣ በቡናና በአቮካዶ ጓሮ ውስጥ ያደግሁ ነኝና የዛፍ አያያዝ ከወረቀት የምማር አልመሰለኝም። ጥግ ላይ ቆማ ባያት አዘንኩላትና ወደ መስኮቱ፣ ከማሞቂያው አጠገብ አስጠጋኋት። ሳምንት ሳይሞላ ቅጠሏን ማርገፍ ጀመረች፤ በሦስተኛው ሳምንት ቅጠል የምሰበስበው በፌስታል ነበር። ሴትዮዋ ስትመለስ አልተቆጣችም። ዛፏን አየች፣ ወለሉን አየች፣ «አንቀሳቅሰሃታል» አለችና ቁልፏን ተቀበለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህች ዛፍ ብዙ አነበብኩ። ትውልዷ ከህንድና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ እስከ ሰሜን አውስትራሊያ ሲሆን፣ ባንኮክ የከተማዋ ዛፍ አድርጋታለች። ሳይንሳዊ ስሟን በ1767 እ.ኤ.አ. ያወጣላት ግን የስዊድኗ ኡፕሳላ የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኔየስ ነው፤ በ1753 የእኛን ቡና «አረቢካ» ብሎ ለዓረብ ያስረከበውም እሱ ነው፤ ቂሜን እዚህ አልዘረጋውም። ፊከስ የዋርካና የሾላ ዘመድ ናት፤ ስትቆረጥ የምታፈሰው ነጭ ወተትም ይህንኑ ይመሰክራል። ቅጠሏን የምታረግፈው ደግሞ በቅያሜ አይደለም፤ በብዙ ብርሃን የበቀለ ቅጠል ጨለም ባለ ቦታ ራሱን መቀለብ ስለሚያቅተው ትጥለዋለች፣ ቆይታም ለአዲሱ ቦታ የሚስማማ ቅጠል ታወጣለች። የማሞቂያ ደረቅ ሙቀት፣ ብርድ ነፋስና የውሃ መብዛትም ያራግፏታል። በታኅሣሥ የቀኑ ብርሃን 6 ሰዓት ያህል ብቻ በሆነበት ከተማ እንዲህ ያለችን ዛፍ በቤት ውስጥ ማቆየት ወረቀት መጻፍን ቢጠይቅ አይገርምም።

ያንገበገበኝ ጅማ ያየሁት ነው። ባለፈው ገና ታላቅ እህቴ ቤት ስገባ ፊከስ ከሳሎኑ ጥግ ቆማ ጠበቀችኝ። የተተከለችበት ዕቃ በስጦታ ወረቀት ተጠቅልሎ በሪባን ታስሯል፤ ከሥሩ አንዲት ቀዳዳ የለውም። ፀሐይ ሶፋውን እንዳያደበዝዘው ተብሎ ወፍራሙ መጋረጃ አይከፈትም። ረከቦቱ ከአጠገቧ ስለሆነ የሲኒ እጣቢው ሁሉ ወደ እሷ ነው፤ ከአቦል እስከ በረካ ትጠጣለች። እንግዳ ሲበዛ ወደ ጓዳ፣ ሲሄድ ወደ ሳሎን፣ ለቅሶ ሲኖር ወደ ኮሪደር ትጎተታለች። ቅጠሏ ሲረግፍ «ዓይን በላት» ይባልና ሌላ ጆግ ውሃ ይጨመርላታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዓመቱን ሙሉ የቀኑ ብርሃን ከ11 ሰዓት ተኩል በማያንስበት ከተማ ነው! ከጎረቤት አጥር ሥር ያው ዘሯ፣ ማንም ውሃ ሳያጠጣው፣ ፍየል እየታከከው ከጣሪያው በላይ ወጥቷል።

«እታለም፣ ጣትሽን አፈሩ ውስጥ አስገብተሽ ካልደረቀ ውሃ አትስጫት፤ ደግሞም አታንቀሳቅሻት» አልኳት።

«እንግዳ እያየኝ ጣቴን ጭቃ ውስጥ? ሰው ይቀመጥበት እንጂ ለዛፍ ብዬ ቦታ ልዝጋ?» አለች። ቀጥላም ራሴን አየት አድርጋ፣ «አንተስ ከዚህ ስትነቀል ፀጉርህ ረግፎ የለም? ማን ጣቱን ከተተብህ?» አለችኝ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ።

መልስ አላጣሁም፤ ግን አልመለስኩም። ባለፈው ክረምት ኢንፍሉዌንዛ ሁለት ሳምንት ሲጥለኝ በዚያ ሕንፃ በሬን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። ሴትዮዋ ከዳንኩ በኋላ አሳንሰር ውስጥ ስታገኘኝ ፊከሷ አዲስ ቅጠል ማውጣቷን ነገረችኝ፤ እኔን ግን ምን እንዳከሳኝ አልጠየቀችም። ጅማ ገብቼ ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ «ምነው ከሳህ?» ያላለኝ ጎረቤት የለም፤ ይህንን ቃል ስንት ዓመት እንደናፈቅሁት እነሱ አያውቁም። ቢሆንም የዛፏ ነገር ሌላ ነው፤ ለሰው የሚራራ ሰው ለዕቃው ሥር ቀዳዳ ማበጀት ምን ያቅተዋል?

ከመመለሴ በፊት ግንዷን በጥፍሬ ፋቅ ባደርገው ውስጡ አረንጓዴ ነበር፤ አልሞተችም። የስጦታ ወረቀቱን ቀድጄ፣ ዕቃውን በጋለ ሚስማር ከሥሩ በስቼ፣ የበሰበሰውን አፈር ቀይሬ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ የማያገኛት የበረንዳ ጥግ ላይ አኖርኳትና እህቴን አስማልኳት። በየካቲት የላከችልኝ ፎቶ ላይ ከቅርንጫፏ ሁሉ ለምለም እምቡጥ ወጥቶ ነበር፤ ፎቶውን ለሴትዮዋ ሳይቀር አሳየኋት።

በፋሲካ ዋዜማ እህቴ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «እንግዳ ስላለብኝ ሳሎን መልሻታለሁ፤ ቅጠሏን በዘይት ወልውዬ እንዴት እንዳማረባት ብታይ!»